የስማራንዳ የቁም ተዝካር

ፕሩኔት፣ ኦገስት 16 ቀን 1995፣ የፍልሰታ ማግስት

ለዶምኒካ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰንብተሻል የምለው ወግ ስለሆነ ነው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር።

የምጽፍልሽ ናፍቀሽኝ አይደለም። ቄስ ኢላሪዮን አስገድደውኝ ነው። በመጪው ኦክቶበር 21፣ በሙታን ቅዳሜ፣ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ ባሌ ማሪን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልሰጠኝም። ከሞትኩ በኋላ ማን ንፍሮ ሊቀቅልልኝ ነው? አንቺ? እስቲ አታስቂኝ። እኅቴ እስክታስታውሰኝ እዚያ በረሃብና በጥም ከምቀመጥ፣ ዓይኔ እያየ፣ እጄ እየሠራ ሁሉን ላሰናዳ ብዬ ተነሣሁ፤ አሰናዳሁም።

የሬሳ ሣጥኔ ጣሪያው ሥር ተቀምጧል፤ እስከዚያው ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ። የምቀበርበት ቀሚስ ተተኩሶ ተሰቅሏል። መስቀሌ ተጠርቦ፣ ስሜ ተቀርጾበት ከማሪን አጠገብ ቆሟል። ለነፍሴ የሚሰጠው ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የአልጋ ልብስ፣ ባልዲ፣ ማንኪያው ሳይቀር፣ ተሟልቷል። የምሰጠው ለእኩያዬ ለጎረቤቴ ለፊሎፍቴያ ነው፤ እሷ እዚህ ስትገለገልበት እኔ እዚያ እንዳላጣ።

ይህን ሁሉ ካሰናዳሁ በኋላ ነው ቄሱ ብቅ ብለው፣ «ስማራንዳ፣ አንድ ነገር ቀርቶሻል። ከእኅትሽ ሳትታረቂ ስምሽን በመሠዊያው ፊት አላነሣም» ያሉኝ። እኔን! የቤተ ክርስቲያኑን የሻማ ሣጥን ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ሴት! እሳቸው ወደዚህ ሲመጡ ገና ጢም እንኳ አላወጡም ነበር።

እንግዲያስ ይቅር በዪኝ። ይኸው ጻፍኩት። አብሮት ካርድ አለ፤ ቴምብሩ ተለጥፎበታል፣ አድራሻዬም ተጽፎበታል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለሽ ፈርመሽ ላኪው። ለሌላ ነገር ቦታ የለውም።

እኅትሽ ስማራንዳ


ኮንስታንጻ፣ ኦገስት 28 ቀን 1995

ለተከበሩ ወይዘሮ ስማራንዳ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ካርዱንም አይቼዋለሁ፤ ቴምብሩ ያምራል።

ይቅር የምልዎት ስለ ምንድን ነው? ጥፋት ስም አለው። እርስዎ ግን ባዶ ካርድ ልከው ፊርማ ይጠይቃሉ፤ እኔ ታናሽዎ እንጂ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አይደለሁም። ባልዲዎንና ማንኪያዎን እንደሚያሟሉ እኔንም በዝርዝሩ ላይ ጽፈው ሊያሟሉኝ ነው የፈለጉት።

ለፋሲካ ከዚያ የመጣ ሰው ስለ መስቀልዎ አጫውቶኛል። ጠራቢው «የተወለደችበት 1924፣ የሞተችበት 19» ብሎ የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች ክፍት ትቷቸዋል አሉ። እንግዲህ ድንጋዩ የሰጠዎት አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ካለፉ ድንጋዩን ሐሰተኛ ሊያደርጉት ነው። ግን እንዲያ ይሆናል ብዬ አላስብም፤ እርስዎ የተሠራ ዕቃ ከሚበላሽ ብለው በሰዓቱ እንደሚሞቱ አልጠራጠርም።

ስሙ ከጠፋብዎት እኔ ላስታውስዎት። እናታችን ስታና በማርች 1976 ዐርብ ቀን ሞተች። እኔ ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። የፕሩኔት ሰው ግማሹ «ዶምኒካ የባሕር ነፋስ ሲመታት እናቷን ረሳች» አለኝ፤ እስከ ዛሬም ይለኛል። ቴሌግራሙ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ማን እንዳዘገየው እርስዎ ያውቃሉ። እሱን በእጅዎ ይጻፉና ይፈርሙበት፤ እኔም እፈርማለሁ።

ዶምኒካ


ፕሩኔት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1995

ዶምኒካ፣

«እርስዎ» የሚለውን ሳነብ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ የወረዳው ሹም የገባ መስሎኝ። እኔ እኮ ቂጥሽን ያጠብኩሽ ሰው ነኝ።

ስለ መስቀሉ፣ ጠራቢው ደደብ ነው፤ ይኸን ሰው ሁሉ ነግሮኛል፣ አንቺ ብቻ ነበር የቀረሽው። ካለፍኩ በሲሚንቶ ይለሰናል።

ስም ያለው ጥፋት ከፈለግሽ ይኸው፣ ደስ ያለሽን ምረጪ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ጸጉርሽን በበግ መሸለቻ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ «ራሷ ናት» ብዬ ያስገረፍኩሽም እኔ ነኝ። ቪርጂልን ያገባሽ ቀን በሰርግሽ ላይ «ይህ ሰው ደረቱ ላይ ሜዳሊያ አለው እንጂ ሥሩ ልብ የለውም» ብያለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና ዛሬም እላለሁ። ልጅ ስትወልጂ አልመጣሁም። የላክሽልኝን የባሕር ዓሣ ለድመት ሰጥቻለሁ፤ ድመቷም አልበላችውም።

ቴሌግራሙን ግን አታንሺው። ለራስሽ ስል ነው የምልሽ። ማክሰኞ ማርች 9፣ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በእግሬ ፖስታ ቤት ሄጄ ላክሁት። ማረጋገጫው ተመልሶልኛል፣ እስካሁንም ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አለ፤ «ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለራሷ በእጇ ተሰጠ» ይላል። ፊርማሽ አለበት። እማማ የሞተችው ዐርብ ነው። ባቡሩ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ወረቀቱን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው አላሳየሁም። በውኃ ጉድጓዱ ዙሪያ አንዳንድ ሴቶች «ምስኪን ዶምኒካ፣ እኅቷ ደብቃባት» ሲሉ ባልዲዬን ይዤ ሰምቼ አልፌአለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ አትጠይቂኝ። ካርዱን ብቻ ላኪ፤ ቄሱ ጠየቁኝ ዛሬም።

ስማራንዳ


ኮንስታንጻ፣ ሴፕቴምበር 14

ስማራንዳ፣

አዎ፣ ደርሶኛል። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ደርሶኛል። ደስ አለሽ?

ቪርጂል በዚያ ወር የወደቡ አለቃ ሊሆን ነበር። ኮሚኒስት ፓርቲው ገና አላጸደቀውም። «ከቄስ ኋላ መስቀል ተከትለሽ ስትሄጂ ፎቶ ያነሡሻል፤ ያኔ አለቀልን» አለኝ። ረቡዕ ካፖርቴን ለብሼ ጣቢያ ሄድኩ፤ ሁለት ባቡር ቆሞ፣ ሰው ጭኖ፣ ሲሄድ አየሁ። ሐሙስም ሄጄ ሦስተኛውን አየሁ። የባቡሩን መወጣጫ ብረት በእጄ ይዤው ነበር። ለቀቅሁት። ቤት ገብቼ ድንች ላጥኩ። ይህን ለቪርጂልም ሳልነግረው ነው የሞተው፤ እንደፈራሁ ሳይሆን እንደታዘዝኩ መስሎት።

እና አንቺ ይህንን ወረቀት ይዘሽ ዝም አልሽ። ካንቺ እንዲህ ያለ ደግነት አላውቅምና አንድ ነገር እንዳለበት ገብቶኛል።

እንደማልመጣ ልቤ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ቀድሜ ሻማውን የላክሁልሽ። ከንጹሕ የንብ ሰም ነበር፣ ስንዝር ከጋት የሚሆን፤ አንዲት መነኩሲት ናት በድብቅ የሠራችልኝ፣ በቀደመው ዓመት ትንሣኤ ሌሊት ተባርኳል። ዳቦ ቦርቡሬ እዚያ ውስጥ ከትቼ በባቡር ሠራተኛ እጅ ሰደድኩት። እኔ እጇን ካልያዝኩ ስታልፍ በርቶ የምትይዘው ሻማ እንኳ የእኔ ይሁን ብዬ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ነገር ነው የተኛሁት፤ አልሄድኩም፣ ብርሃኗ ግን ከእኔ ነበር እላለሁ።

ስለ ጸጉሬና ስለ ዓሣው አልጠየቅሁሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እማማ ስታልፍ ሻማው በእጇ በርቶ ነበር? «አዎ» ብለሽ ጻፊልኝ፣ ካርድሽን በማግስቱ ፈርሜ እልካለሁ።

ዶምኒካ


ፕሩኔት፣ ሴፕቴምበር 22

ዶምኒካ፣

ሻማው ጥሩ ሻማ ነበር። ሰሙ ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅ አልነበረውም፣ ሽታውም ደስ ይላል።

ለእማማ ቀብር ከሦስት አጥቢያ ቄሶች መጥተዋል። ንፍሮው አላነሰም፣ የፕሪም አረቄው ተርፏል። ማንም እንከን ሳያገኝ ነው የሄደው።

እኔ አሁን ጊዜ የለኝም። ለተዝካሩ በሥጋና በሩዝ የሚሞላው የጎመን ጥቅል አራት መቶ ይሆናል፤ ጎመኑን በበርሜል ጨው ውስጥ ዘፍዝፌአለሁ። ፊሎፍቴያ ልታግዘኝ መጥታ ጉንጯን ነፍታ ትቀመጣለች። ምን እንደጻፍሽላት አላውቅም። ያላንቺ በቂ ጣጣ አለብኝ። ካርዱን ላኪው።

ስማራንዳ


ኮንስታንጻ፣ ኦክቶበር 1

ስለ ሻማ ጠየቅሁሽ፤ ስለ ሰም መለስሽልኝ።

ለፊሎፍቴያ የጻፍኩላትን ልንገርሽ፤ ያንኑ ጥያቄ ነው። በእማማ አልጋ አጠገብ እሷም እንደነበረች ሰው ሁሉ ያውቃል። መልሷ ትናንት መጣ፣ አንዲት መስመር ናት። «እኅትሽን ጠይቂያት፤ እኔ ክብሪቴን ጨርሼአለሁ» ትላለች። ምን ማለቷ ነው?

አንቺ ሴትዮ፣ ነፍስሽን እንደ ጓዳ ነው የምታደራጂው፤ ሁሉ በየመደርደሪያው፣ ሁሉ በክዳኑ። እውነቱን ካልነገርሽኝ በሙታን ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከሻማ ሣጥንሽ አጠገብ ቆሜ፣ አጥቢያው ሁሉ እየሰማ እጠይቅሻለሁ። እስቲ ያኔ ጥሩ ሰም ነበር በያቸው።

ዶምኒካ


ፕሩኔት፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1995

ዶምኒካ፣

እኅት ዓለም አልልሽም፤ አፌ አልለመደውም።

አልበራም።

ዐርብ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ። እማማ ትንፋሽ ሲያጥራት ፊሎፍቴያን ጠራሁ። እንደገባች «ሻማ! ሻማ አምጪ!» አለችኝ። ያንቺ ሻማ ልብስ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፣ ከአልጋው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ቁልፉ ከመቀነቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊሎፍቴያ ታውቃለች፤ ዳቦውን ስቆርስ አብራኝ ነበረች። «የዶምኒካን አውጪዋ! ቁልፉን ስጪኝ!» ብላ ጮኸች።

አልሰጠኋትም። ሦስት ቀን ሙሉ በር በሩን ስታይ የሰነበተች እናት ናት። «ዶምኒካ ደረሰች?» ባለች ቁጥር «ባቡሩ ዘግይቶ ነው» እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ማረጋገጫው በኪሴ እያለ። በልጅ ፈንታ ሻማ! ብርሃን ልታበራላት ከፈለገች መጥታ ትያዝላት አልኩ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ አገላብጬ አጥቤአት፣ መጨረሻ ላይ ሰዉ «የዶምኒካ ሻማ ነው ያበራላት» እንዲል አልፈለግሁም። የራሴን ላመጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ዳገቱን ታውቂዋለሽ።

ለአገሩ ሁሉ ሻማ የማድል ሴት ነኝ። ለናቴ አላደረስኩም።

ስመለስ ፊሎፍቴያ ተንበርክካለች፤ ጣቶቿ ጠቁረዋል። ክብሪት እየጫረች በእማማ ጣቶች መካከል ትይዝላት ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ስትጭር። ከመሬቱ ላይ አሥራ አንድ የተቃጠለ ክብሪት ለቀምኩ። እሳቱ በርቶ ሳለ ነው እማማ የሄደችው ወይስ በሁለቱ መካከል፣ ፊሎፍቴያም አታውቅም። ብርሃን ሳይዝ የሄደ ሰው እዚያ መንገዱን አጥቶ ሲዳብስ እንደሚኖር ከጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። እማማን ሳስባት እስከ ዛሬ ግድግዳ ስትዳብስ ነው የማያት።

ያንቺን ወረቀት ያላወጣሁት ለዚህ ነው። ያንቺ ከወጣ የእኔም ይከተላል ብዬ ፈራሁ። ደግነት መስሎሽ እንዳትቀሪ።

ትናንት ሻማሽን ይዤ ቄስ ኢላሪዮን ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። ሻማውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ «ስማራንዳ፣ ልባሞቹ ደናግል ሙሽራው ሲመጣ መብራታቸው ይበራ ነበር። ያንቺ ዘይት ሞልቷል፣ ግን ቆልፈሽበታል። አደራን ቆልፎ ማስቀመጥና መጠበቅ አንድ መስሎሽ ኖርሽ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሻማ ሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ የሚነሣው ስም የእኔ አይደለም፤ የስታና ነው። ጠረጴዛውም፣ ወንበሩም፣ የአልጋ ልብሱም፣ ባልዲውም፣ አራት መቶው የጎመን ጥቅልም በእማማ ስም ይሰጣል። ሰው ሁሉ ሻማ ይይዛል፤ ለእሷ። ለምን እንደሆነም እኔው ራሴ ቆሜ እናገራለሁ፤ ከኮንስታንጻ ድረስ መጥተሽ እንዳትደክሚ።

ለእኔ የቀረኝ ሣጥኑና የሞኙ ጠራቢ ድንጋይ ነው፤ ሽንኩርቱም። እንደገና ለማሰናዳት ጊዜ የለኝም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጉልበቴ ነው ብዬሽ ነበር፤ ጉልበቴ አይደለም። የከተማው ሐኪም ደሜን አይቶ ለፋሲካ መድረሴን አጠራጠረኝ። ይህንን ለፊሎፍቴያ እንኳ አልነገርኳትም።

በሕይወቴ ከሰው እጅ ምንም አልጠበቅሁም። አሁን ግን ባዶ እጄን ነኝ፤ ንፍሮዬን ካንቺ ሌላ የሚቀቅልልኝ የለም። ሻማሽን ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ስሞት በእጄ የማብራቱን አደራ ለምን ለማልወዳት ሴት እሰጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሌላ እኅት ስለሌለኝ ነው።

ይቅር በዪኝ። ይኸው ስሙን ሰጠሁት።

ስማራንዳ


ኮንስታንጻ፣ ኦክቶበር 24

ስማራንዳ፣

ሻማው ደርሷል። ፖስታ ቤቶቹ ሁለት ቦታ ሰብረውታል፣ ክሩ ነው አንድ ላይ የያዘው። የጠቀለልሽበት ጨርቅ የእማማ ሻሽ እንደሆነ አይቻለሁ፤ «የት እንደገባ እንጃ» ያልሽኝ ሻሽ። ይኸም ይጨመርልሽ።

አለቀስኩ፣ ሰደብኩሽ፣ ደግሞ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ሬድዮ መስሏት ቀንሺው ብላ በሩን አንኳኳች። ከዚያ አንዲት ክብሪት ጭሬ በጣቴ ያዝኩ፣ እስከ ምን እንደምትቆይ ልይ ብዬ። ቶሎ ነው የፈጀችኝ፣ ጣልኳት። አሥራ አንድ! ጣቶቿ ጠቁረዋል ብለሽ አለፍሽው እንጂ። ለፊሎፍቴያ የሚሆን የሱፍ ሻርፕ ይዣለሁ፤ በእጄ እሰጣታለሁ፣ ባንቺ በኩል አልክም።

ስለ ቅዳሜው በስልክ ነግራኛለች። በሰው ፊት ቆመሽ ክብሪቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርሽ አለችኝ፤ ቀጥለሽ የእኔን ነገር ትናገሪያለሽ ብላ ስትጠብቅ «እኅቴ የላከችውን ሻማ እኔ ቆለፍኩት» ብለሽ ብቻ ተቀመጥሽ። ስለ ሦስቱ ባቡሮች አንዲት ቃል ካፍሽ አልወጣም። ለምን? አሁን እኔ ራሴ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ፤ ከባዱን ለእኔ ትተይዋለሽ።

ካርድሽን ባዶውን መልሼልሻለሁ፤ ቴምብሩ ለሌላ ጊዜ ይሁንሽ። ይቅር ለእግዚአብሔርን በካርድ አልጽፍም። ፊት ለፊት ነው የምልሽ፣ ከፊቱ የሚመጣ ብዙ ስድብ ስላለኝ። አንቺም እኔን ይቅር የምትዪው ነገር አለሽ፤ ስሙን አሁን ታውቂዋለሽ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ እማማ መቃብር እንወጣለን።

ከሦስት ባቡር ቀርቻለሁ፤ የሐሙሱ አራተኛው ነው። ትኬቱን ቆርጫለሁ፣ የመመለሻውን አልቆረጥኩም። አልጋ አንጥፊልኝ፤ የአልጋ ልብሱን ሁሉ ሰጥተሽ ከሆነም በድርቆሽ ላይ እተኛለሁ። ሽንኩርቱን ከሬሳ ሣጥኑ አውጪው፣ ነውር ነው። ሐኪሙን ተይው፤ ድንጋዩ አምስት ዓመት ሰጥቶሻል፣ ባንቺ ቤት ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ሲባክን አላየሁም።

ቴሌግራም እንዳትልኪ። እስኪጠሩኝ አልጠብቅም።

ሻማውን በምድጃው ዳር አለስልሼ ስብራቱን ገጥሜዋለሁ። ተጣምሟል፣ ግን ይነዳል። ከካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ክብሪቱም እዚያው።

ዶምኒካ